የተመለሰ ገንዘብ ካሳ አይደለም

ጥርሱን ሊታከም ሄዶ ተጎድቶ የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ምክር የታወቀ ነው። እናት «እንኳን ነፍስህ ተረፈች» ትላለች። አጎት «ያለፈው አለፈ፣ የቀሩህን ጠብቅ» ይላል። ጎረቤት ደግሞ እዚያው ክሊኒክ ታክሞ ደህና ሆኖ ስለወጣ ሰው ያወራል። ተጎጂው ትንሽ ከገፋበት ሁለት ሽማግሌዎች ተፈልገው ክሊኒኩ ድረስ ይሄዳሉ፤ የከፈለው ገንዘብ ተቆጥሮ ይመለስለታል፤ ነገሩም እዚያ ላይ እንዲያልቅ ይፈለጋል። ከዚያ ወዲያ ካሳ የሚል ነገር ካነሳ ሁሉም ፊቱን ያጠቁርበታል። «ለአንድ ጥርስ ሐኪም ይከሰሳል? ገንዘብህን መልሰውልህ የለም ወይ?»

ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ሐኪምን ማክበር፣ ነገርን ከማክረር ይልቅ ማብረድ የለመደ ማኅበረሰብ ያሳደጋቸው ናቸው። አስተሳሰቡ ግን በብርቱ እየጎዳን ነው። ተጎጂውን ባዶ እጁን ይሰደዋል፤ ጥንቁቁን ሐኪም ከግዴለሹ ጋር እኩል ያደርገዋል፤ ነገ እዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰውም ሳያውቅ ለዚያው እጅ አሳልፎ ይሰጠዋል።

ከ«ገንዘቡ ተመለሰ» እንጀምር። ሚኒባስ ተሳፍሮ ሲሄድ በአሽከርካሪው ግዴለሽነት እግሩ የተሰበረ ሰው፣ ረዳቱ ሂሳቡን ቢመልስለት «ካሳ ተከፈለው» የሚል አንድ ሰው እንኳ አይገኝም። ሂሳቡ የጉዞው ዋጋ እንጂ የእግሩ ዋጋ አይደለምና። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ስለሚደርስ የአካል ጉዳት በሚናገረው አንቀጽ 559 ላይ የሰውን አካልና ጤና የመጠበቅ ልዩ ግዴታ ያለባቸውን ሰዎች ሲጠቅስ ሐኪምንና አሽከርካሪን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሽከርካሪውን ነገር እንደ ማኅበረሰብ ጨርሰነዋል። የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖር መኪና ማንቀሳቀስ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተከለከለ ነው። የተገጨ ሰው ካሳ ሲጠይቅ ስግብግብ የሚለው የለም፤ ሾፌሩም ካሳ ስለተጠየቀ ብቻ ነፍሰ ገዳይ አይባልም። ወደ ጥርስ ሐኪሙ ስንመጣ ግን ይኸው ሁሉ ይጠፋብንና ሂሳቡን ያስመለሰ ሰው ሁሉን ያገኘ ይመስለናል።

«ጥርስ ነው እኮ» የሚለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የአዋቂ ሰው ጥርስ 32 ነው፤ የተነቀለው ተመልሶ አይበቅልም፤ መሰርሰሪያ የበላው የጥርስ ሽፋንም አይተካም። አንድ መንጋጋ ያለ አግባብ ሲወጣ ጉዳቱ በክፍተቱ አያበቃም። ጎንና ጎኑ ያሉት ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከትይዩው ያለው የሚገጥመውን ስላጣ ከድዱ እየወጣ ይረዝማል፤ ምግብ ይሰካል፣ ድድ ይቆስላል፣ ሰውየው በአንድ ጎኑ ብቻ ማላመጥ ይጀምራል። ብሪጅ ይሠራልህ ከተባለ ምንም ያልነካቸው ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ግራና ቀኝ ተሞርደው ለአርቴፊሻሉ መያዣ ይሆናሉ። ያም ቢሆን ዕድሜ ልክ አያገለግልም። በ20 ዓመቱ መንጋጋውን በሰው ስህተት ያጣ ወጣት እስኪያረጅ ድረስ ደጋግሞ ሊከፍልበት ነው።

የልጆቹ የበለጠ ያንገበግባል። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት አካባቢ ይበቅላል፤ የሚበቅለውም የትኛውንም የወተት ጥርስ ሳያስወልቅ ከሁሉም ኋላ ስለሆነ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ወላጅ ቢሳሳት ማንም አይፈርድበትም። ፈቃድ አውጥቶ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሠራ ባለሙያ ግን «የወተት ነው፣ ይተካል» ብሎ ቢነቅለው ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሚያላምጥበትን ዋና ጥርስ አሳጣው ማለት ነው። ለዚህ የመንቀያውን ዋጋ መልሶ «እኩል ነን» ማለት የሚያሳፍር ነገር ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የሚለው ከዚህ የራቀ ነው። በአንቀጽ 2091 መሠረት ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። አንቀጽ 2092 ይበልጥ ይሄዳል፦ ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሳ ይታሰብለታል። ይህ አንቀጽ ለጥርስ ጉዳት የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ልክ ነው። የመጀመሪያው ብሪጅ፣ እሱ ሲያረጅ የሚተካው፣ ለመያዣነት የተሞረዱት ጥርሶች ሲበላሹ የሚከተለው ሕክምና፣ ከሥራ የተቀረበት ቀን፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባል። ክሊኒኩ ከመሳቢያው ያወጣው ገንዘብ ከእነዚህ አንዱን አይነካም።

ነገሩን በሃይማኖት የሚዘጉም አሉ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ለእሱ ስጠው» ይባላል። ይቅር ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ ይቅርታ ግን ተጎጂው በፈቃዱ የሚሰጠው እንጂ ዘመድ ተሰብስቦ የሚያስገድደው አይደለም። ደግሞስ ሃይማኖታችን ስለ ጥርስ ዝም ብሏል ያለው ማን ነው? ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21ን ያነበበ ሰው ሌላውን ያቆሰለ ሰው ተጎጂው ከሥራ ለዋለበት ጊዜ እንዲከፍልና እስኪድን እንዲያሳክመው የታዘዘ መሆኑን ያውቃል። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ በቁጥር 27፣ የባሪያውን ጥርስ መትቶ ያወለቀ ጌታ ባሪያውን ነጻ እንዲያወጣው ተጽፏል። ለአንድ ጥርስ፣ ነጻነት። የእስልምና ሕግ ሊቃውንትም ለአንድ ጥርስ የሚከፈለውን ካሳ 5 ግመል ብለው ለይተው አስቀምጠዋል። ሁለቱም ወገን ጥርስን እንደ አካል ቆጥሮ ዋጋ ሰጥቶታል። «ለአንድ ጥርስ ብለህ» የሚለው ንቀት ከመጽሐፉ የመጣ አይደለም።

የማውቃት ወጣት አለች። የታመመው ከታች በቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ ያለው መንጋጋዋ ነበር። ማደንዘዣ ተወጋች፤ ራጅ ሳትነሣ ተነቀለላት፤ ጥጥ ነክሳ፣ የወጣውን ጥርስ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ቤቷ ገባች። ማታ ማደንዘዣው ሲለቃት ሕመሙ እንዳለ ነው። ሲነጋ መስታወት ፊት ቆማ አፏን ስትከፍት የበሰበሰው ጥርስ በቦታው ነበር፤ የጠፋው ከፊቱ የነበረው ነው። ክሊኒኩ ስትመለስ «እሱም አብሮ ተበላሽቶ ነበር» አሏት። ካርዷ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ የትኛው ጥርስ እንደተነቀለ አይናገርም። የጥርስ ሐኪሞች እያንዳንዱን ጥርስ በሁለት አሃዝ የሚጠሩበት አቆጣጠር አላቸው፤ የእሷ የታመመው 47፣ የተነቀለው 46 ነበር። ቁጥሯን ለመጻፍ ከአፍታ በላይ አይወስድም፤ ሲጽፏትም የያዙትን ጥርስ ደግሞ ለማየት ታስገድዳለች።

ሌላ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ ሶፍቱን ፈትቶ ጥርሱን ወደ መብራቱ አስጠጋ፤ አገላብጦ አየው፤ አንድም የተበላ ቦታ የለውም። «ማን ነው ይህን የሠራው?» አለ፣ ፊቱ ተለዋውጦ። እሷም ተስፋ አድርጋ «ዶክተር፣ ይህንኑ ይጻፉልኝ» አለችው። ጥርሱን መልሶ ሶፍቱ ውስጥ ከተተው። «እህቴ፣ እኔ በሙያ ባልደረባዬ ላይ አልጽፍም። ብትተዪው ይሻልሻል» አላት። ገንዘቧን ተቀብላ፣ ወረቀት ፈርማ፣ ተወችው።

ከሁሉም በላይ የምከራከረው ከዚህ ሁለተኛ ሐኪም ጋር ነው። ጥርሷን የነቀለው እሱ አይደለም፤ የፍርድ ቤቱን በር የዘጋባት ግን እሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 አንድን ባለሙያ ተጠያቂ የሚያደርገው በሙያው ዘንድ የታወቀውን ሳይንስና የአሠራር ደንብ በግልጽ ሲጥስ ነው። ዳኛው ደግሞ የጥርስ ሐኪም አይደለም፤ ደንቡ መጣሱን የሚነግረው ሌላ የጥርስ ሐኪም ነው። በእርግጥ ፍርድ ቤቱ ራሱ ባለሙያ መርጦ እንዲመረመር ማዘዝ ይችላል። ወደዚያ ለመድረስ ግን ክስ መመሥረት፣ ክስ ለመመሥረትም ጠበቃው የሚይዘው አንድ ወረቀት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ወረቀት ሲነፈግ የቀረው ሁሉ ይቀራል።

ይህ ዝምታ «የሙያ አብሮነት» ይባላል። ከማን ጋር ነው አብሮነቱ? አንድ ሐኪም ከመንቀሉ በፊት ራጅ ያነሣል፣ መሣሪያውን በአውቶክሌቭ ያጸዳል፣ ስኳርና የደም ግፊት ይጠይቃል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካል። ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ከፍ ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ይህን ሁሉ ትቶ በርካሽና በፍጥነት ይሠራል፤ ሲያበላሽ የሚያጣው የመንቀያውን ዋጋ ብቻ ነው። ግዴለሽነት ምንም የማያስከፍል ከሆነ ከገበያ የሚወጣው ጥንቁቁ ነው። ስለዚህ ስለ ባልደረባው ዝም የሚለው ሐኪም የሚጠብቀው ሙያውን አይደለም፤ ሙያውን የሚያረክስበትን ተወዳዳሪ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ፤ ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። «አገሪቱ ያላት የጥርስ ሐኪም ጥቂት ነው። ካሳ ካስለመድን ሐኪሙ ይፈራል፣ አስቸጋሪውን ሕመምተኛ ይሸሻል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ደሃው ጨርሶ ሕክምና ያጣል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ብዙዎቹ ራሳቸው ሐኪሞች ናቸው፤ ስጋታቸውም የእውነት ነው።

ሕጉ ግን ያልተሳካ ሕክምናን ሁሉ አይቀጣም። አንቀጽ 2648 እንደሚለው ሐኪም በጽሑፍ ዋስትና ካልሰጠ በስተቀር ለሕክምናው መሳካት ኃላፊ አይደለም፤ ኃላፊ የሚሆነው ለጥፋቱ ነው። የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ እንውሰድ። ሥሩ አጠገብ፣ በመንጋጋው አጥንት ውስጥ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። እጅግ የተካነ ሐኪም ቢነቅለው እንኳ ነርቩ ሊነካ፣ ከንፈር ለወራት ሊደነዝዝ፣ አንዳንዴም ላይመለስ ይችላል። ለዚህ ብቻ ካሳ የሚጠይቅ ሰው መረታት አለበት። ግን ሐኪሙ ነርቩ የት እንዳለ ለማየት ራጅ ካላነሣ፣ ይህ ሊደርስ እንደሚችል ለታካሚው ካልነገረ፣ ታካሚው «ከንፈሬ አልተመለሰም» ብሎ ሲመጣ «ይለቅሃል» እያለ ወር ቢያባርረው፣ ያ ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ ካሳን የፈራ ሐኪም ምን ያደርጋል? ራጅ ያነሣል፣ ያስረዳል፣ ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ያልቻለውን ይልካል። ይህ ፍርሃት ከሆነ እንዲህ ያለውን ፍርሃት እንፈልገዋለን።

ዋጋ ይጨምራል ለሚለው፣ ዋጋው ዛሬም እየተከፈለ ነው። የሚከፍለው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ የተጎዳው። መድን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ የአንዱን መከራ ለሁሉም አነስ አነስ አድርጎ ያካፍላል። ኒው ዚላንድ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደጋ ለተጎዳ ሰው የሚከፍል የጋራ ፈንድ አላት፤ በሕክምና ምክንያት የደረሰ ጉዳትም ይካተትበታል፤ ተጎጂው የሐኪሙን ጥፋት ማስረዳት እንኳ አይጠበቅበትም፣ በምላሹም ሐኪሙን ለካሳ አይከስም። እኛ ነገ እንደዚያ እንሁን አልልም፤ የሐኪሙን ክብርና የታካሚውን ካሳ አብሮ መጠበቅ እንደሚቻል ግን ያሳያል።

ሌላም ነገር አለ። የካሳው መንገድ ስለተዘጋ የተናደደ ሰው የሚሄደው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ሐኪሞች «በሕክምና ጉዳይ ለምን እንታሰራለን?» ብለው ሲቆጡ እውነት አላቸው። የጥርስ ሐኪም እንደ ሌባ በፖሊስ ተይዞ ሲወሰድ ማየት ማንንም አያስደስትም፤ ለተጎጂውም ጥርስ አይተካለትም። ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚቀርበው አቤቱታም የራሱ ቦታ አለው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጉዳዩን መርምሮ ባለሙያውን ሊያስጠነቅቅ፣ ፈቃዱን ሊያሳግድ ይችላል። ሆኖም የብሪጁን ዋጋ አይከፍልም። ሐኪም እንዳይታሰር ከልቡ የሚፈልግ ሰው ካሳን መቃወም ሳይሆን መደገፍ ነበረበት። የሚገባውን ያገኘ ሰው ሌላውን በማሳሰር የሚያተርፈው የለም።

ዝም ስንል የከረምንበት ሌላው ዋጋ ሕጉ ራሱ ማርጀቱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለስቃዩ፣ ለመሸማቀቁ፣ አፍን በእጅ ሸፍኖ ለመሳቁ የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቧል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በብዙ የግል ክሊኒክ አንድ ጥርስ አያስሞላም። የጥርስ ጉዳት አብዛኛው ሸክሙ ደግሞ ስቃይና እፍረት ስለሆነ ይህ ጣሪያ ከማንም በላይ የሚጫነው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች በብዛት ቢከሱ፣ ዳኞች በየፍርዳቸው «እጃችን ታስሯል» ብለው ቢጽፉ፣ አንቀጹ እስካሁን እንዲህ ባልቆየ ነበር። ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ሲቀመጥ የሕግ አውጪው ጆሮ ጋ የሚደርስ ነገር የለም።

የይርጋው ጉዳይም አለ። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ አንቀጽ 2143 እንዲህ ይላል። የጥርስ ጉዳት ግን ተደብቆ ይቆያል። የጥርስ ሥር ሕክምና ሲደረግ ቀጭኗ የማጽጃ መርፌ ሥሩ ውስጥ ተሰብራ ልትቀር ትችላለች፤ ይህ ለጥንቁቅ ሐኪምም ያጋጥማል። ጥፋቱ ለታካሚው ሳይነግሩ ደፍነው መስደድ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ሥሩ መግል ቋጥሮ ፊቱ ሲያብጥ ሰውየው የመርፌዋን ነገር በራጅ ገና ያውቃል፤ «ጊዜው አልፎብሃል» ሊባል ነው። በእኔ እምነት ጠበቆች ይህን መንገድ ትተው በውሉ በኩል መሄድ አለባቸው። የግል ክሊኒክ ካርድ ያወጣና የከፈለ ሰው የሕክምና ውል ገብቷል፤ አንቀጽ 2651 ተቋሙን ለሐኪሞቹና ለረዳቶቻቸው ጥፋት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ለውል የተቀመጠው የይርጋ ዘመንም በአንቀጽ 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው።

ሽማግሌን አልቃወምም። የደም ካሳ ሲቆርጥ የኖረ አገር ነው፤ ጉማ የሚያውቅ አገር ነው። ለተሰበረ እጅ፣ ለጠፋ ዓይን ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ ተመን ያወጡ የነበሩ ሽማግሌዎች በጥርስ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ብቻ ሂሳብ አስመላሽ የሚሆኑት ለምንድን ነው? ክሊኒኩ ድረስ የሚሄዱ ከሆነ የብሪጁን ዋጋ ከሁለት ቦታ አስጠይቀው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚተካ ሐኪም አማክረው፣ ተጎጂው ከሥራ የቀረበትን ቀን ደምረው ይሂዱ። ያኔ ዕርቃቸው ዕርቅ ነው፤ የፍርድ ቤት ምልልስንም ያስቀራል።

አደገኛው ግን ገንዘቡ ሲመለስ አብራ የምትመጣው ወረቀት ናት። «ሂሳቤን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ትላለች፤ ከታች ሁለት ምስክር ይፈርምባታል። ብዙ ሰው እንደ ተራ ደረሰኝ ያያታል። በሕጉ ዓይን ግን ይህች ወረቀት ግልግል ልትሆን ትችላለች፤ ግልግል ደግሞ በአንቀጽ 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ለመንቀያ የተከፈለች ጥቂት ብር ተመልሳ የአንድ ዕድሜ ካሳ ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ ገንዘቡ ሲቀርብ ተቀበሉ፤ የራሳችሁ ነው። የተቀበላችሁት የሕክምና ክፍያችሁን እንደሆነ፣ ስለ ጉዳቱ ያላችሁ ጥያቄ እንዳልተዘጋ በጽሑፍ ይግባ፤ የካርዳችሁንና የራጃችሁን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ፤ «ጥያቄ የለኝም» ከሚለው መስመር ሥር ግን አትፈርሙ።